ከጥቁር ውሾች ቢጫ ቡችላ ይወለዳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አጎቴ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ገበሬ ነው። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ያድራል፤ ከርከሮና ጃርት የሚያባርሩለት ግን ውሾቹ ናቸው። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለአደንና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ ይይዛል። ጥሩ አዳኝ ውሻ ያለው ሰው በሰፈሩ ይታወቃል፤ ቡችላ የሚጠይቀውም ብዙ ነው።

ሰሞኑን እዚያ ሰፈር በቡችላ ቀለም የተነሳ ጠብ ተፈጠረ። አንድ ገበሬ ላብራዶር የሚባለው የፈረንጅ አዳኝ ውሻ ዘር ያለባቸው ሁለት ጥቁር ውሾች ገዝቶ ነበር። ሴቷ ወለደች። አብዛኞቹ ጥቁር ሆኑ፣ ሁለቱ ቢጫ፣ አንዱ ቡናማ። ሰውየው ሻጩን አታላይ አለው። ጎረቤቱንም «ውሻህ አጥሬን ዘሎ ዘሬን አበላሸብኝ» ብሎ ከሰሰው። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ቢጫዎቹንና ቡናማውንም ቦርከና ወንዝ ሊጥላቸው ተነሳ። አጎቴ ደውሎ «አንተ ልጅ፣ መምህር አይደለህም እንዴ? ና እስቲ እያቸው» አለኝ። ሄድኩ።

ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸውን ለአንባቢም ልንገር። የውሻ ጸጉር ሁለት ዓይነት ቀለም ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ከቢጫ እስከ ቀይ የሚሄድ። የቀረው ሁሉ የእነዚህ መለወጥ፣ መቀነስ፣ መደባለቅ ወይም መጥፋት ነው። ቡችላ ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ዘረመል፣ ማለትም ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ነገር፣ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወስዳል። ጥቁሩን ቀለም ወደ ጸጉር የሚያስገባ ዘረመል አለ። ይህ ዘረመል ከሁለቱም ወገን የማይሠራ ሆኖ ከመጣ ቡችላው ቢጫ ይሆናል። የማይሠራው ከአንድ ወገን ብቻ ከመጣ ግን ውሻው ጥቁር ነው፤ ቢጫነቱን በደሙ ይዞ ይዞራል እንጂ ማንም አያየውም። ቡናማነትም እንዲሁ ተደብቆ ያልፋል። ሁለት ጥቁር ላብራዶሮች ቢጫውንም ቡናማውንም ደብቀው ከያዙ፣ ከ16 ቡችላ በአማካይ 9 ጥቁር፣ 3 ቡናማ፣ 4 ቢጫ ይወለዳል። ሁለት ቢጫዎች ግን ጥቁር አይወልዱም። ሁለት ቡናማዎችም እንደዚያው።

አንድ ሽማግሌ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የጎረቤቱም ውሻ እኮ ቡላ ነው፤ በምን ትለየዋለህ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሰፈራችን ውሾች ቡላነት አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ዘረመል የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ አፉ አካባቢ ይጠቁራል፣ ጀርባው ላይ ጫፋቸው የጠቆረ ጸጉሮች ይታያሉ፣ ጢሙም ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። የላብራዶሩ ቢጫ ግን ገላው ላይ አንድም ጥቁር ጸጉር የለውም፤ የሚጠቁረው ቆዳው ነው፤ ብዙ ጊዜ አፍንጫው፣ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ። ቡችሎቹን አንድ በአንድ አንስተን ፀሐይ ላይ አየናቸው። አንድም ጥቁር ጸጉር አላገኘንም። አፍንጫቸው ጥቁር ነው። ይህ የጎረቤቱን ውሻ ጨርሶ ነጻ አያወጣውም። እንዲያውም አንዲት ውሻ በአንድ ወሊድ ከሁለት ወንዶች ልትወልድ ትችላለች። ግን እናቲቱ ራሷ ቢጫነትን ደብቃ እንደያዘች እርግጠኛ መሆን ይቻላል። «ጥቁር ቢጫ አይወልድም» የሚለው ክስም በዚሁ ወደቀ። ስለ ወንዱ ማወቅ የሚፈልግ ከቢጫ ላብራዶር ጋር ያዳቅለው፤ አንድ ቢጫ እንኳ ከመጣ ተሸካሚ ነው።

ጥፋቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ላብራዶር በእንግሊዝ የተመታ ወፍ ከውኃና ከቁጥቋጦ እያወጣ የሚያመጣ አዳኝ ነው። እዚያም ዱሮ ጥቁሩ ብቻ ስለሚወደድ ቢጫና ቡናማ ቡችሎች ይወገዱ ነበር። በቢጫነቱ መጀመሪያ የተመዘገበው ቤን ኦፍ ሃይድ የሚባለው ውሻ የተወለደው በ1899 ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ዛሬ ቢጫው ላብራዶር ወፍ ፍለጋም ላይ፣ ዓይነ ስውር መምራትም ላይ አለ። ያን ሁሉ ዘመን የተጣሉትን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ቀለም ምንም ማለት አይደለም እያልኩ አይደለም። ከጤና ጋር የሚያያዝበት ቦታ አለ፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡችላ የሚሸጡ ልጆች ድፍን ነጭና ዥጉርጉር ቡችላ ከሌላው በላይ እንደሚያወጣ ነግረውኛል። ለምን እንደምፈራ ላስረዳ። ቀለም የሚሠሩ ሴሎች ጸጉር ላይ ብቻ ሳይሆን የውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ሥራ አላቸው። ዳልማሺያን በሚባለው ነጭ ሆኖ ነጠብጣብ ያለበት የውሻ ዘር ላይ እንዳለው ዓይነት ነጭነት የሚመጣው እነዚህ ሴሎች ቆዳው ጋ ሳይደርሱ ሲቀሩ ነው። ጆሮውም ጋ ካልደረሱ፣ ቡችላው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመስሚያ ሴሎቹ ይሞታሉ። አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ ዳልማሺያኖች ከ100 ወደ 30 የሚጠጉት በአንድ ወይም በሁለት ጆሮ ደንቆሮ ናቸው። መርል የሚባለው ዥጉርጉር ደግሞ የባሰ ነው። ሁለት መርሎች ከተዳቀሉ ከአራቱ ቡችላ አንዱ በአማካይ ዘረመሉን ከሁለቱም ይወስዳል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አብዛኛው ገላው ነጭ ሆኖ፣ ጆሮው ደንቁሮ ወይም ዓይኑ ትንሽና ታማሚ ሆኖ ይወለዳል። የማይሰማ ውሻ ሌሊት ማሽላ ውስጥ የገባ ከርከሮ ኮሽታን በምን ይለያል? ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ላይ የሚመጣ መኪናስ?

እያንዳንዱ ነጭ ውሻ ደንቆሮ ነው አላልኩም። በጣም የሳሳ ቢጫ ነጭ ይመስላል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። የዓይኑ ቆብና ከንፈሩ ሮዝ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ጥቁር መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም። ጆሮውን ለመሞከር ቡችላው ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ተኝቶ ሳለ ንዝረቱ እንዳይደርሰው ራቅ ብላችሁ አጨብጭቡ። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማውን ይህ አይለይም፤ ሁለቱም የማይሰሙትን ግን ያሳያል።

ብርቅ ቀለም ማሳደድ ሌላም ጣጣ አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 በእንግሊዝ ላብራዶሮች ላይ የወጣ ጥናት ቡናማዎቹ በአማካይ 10.7 ዓመት፣ ሌሎቹ 12.1 ዓመት እንደሚኖሩ አሳየ። የጆሮና የቆዳ በሽታም ቡናማዎቹ ላይ በዝቷል። አጥኚዎቹ ጥፋቱን ቀለሙ ላይ አልለጠፉም። ቡናማ የሚወልዱትን ብቻ እየመረጡ ሲያዳቅሉ የበሽታ ዘርም አብሮ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። ለዚህ ነው አዳኝ ውሻ የሚፈልግ ሰው እናቱና አባቱ እርሻ ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ሄዶ ይይ የምለው። ያሸታሉ? ሲጠሩ ይመለሳሉ? በግና ፍየል ይተዋሉ?

ቡችሎቹ ወንዝ አልተጣሉም። ሽማግሌዎቹ አስታርቀው ሁለቱን ቢጫዎች ለሌላ ቤት ሰጡ፤ ቡናማውን አጎቴ ወሰደው።

ሁለት ነገር እለምናለሁ። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ እዚህ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ገበሬው ውሻውን ይዞ በሚሰበሰብበት ቀን ስለ ማዳቀል አሥር ደቂቃ ቢያስተምሩልን። እናንተ ደግሞ የቡችላ ማስታወቂያ የምታወጡ ከሆነ፣ ሻጩ ከቀለሙ ጎን ጆሮው ተሞክሮ እንደሆነና ወላጆቹ የት እንደሚታዩ እንዲጽፍ ጠይቁልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህር
ከኮምቦልቻ