በጣት ተገፍቶ የሚከፈት የባትሪ ክዳን ስላለው የሕፃናት ቴርሞሜትር የቀረበ ቅሬታ

ለጆሮ ቴርሞሜትሩ አምራች ድርጅት
ለምርት ደኅንነት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የቴርሞሜትሩ የባትሪ ክዳን ለሕፃናት አደገኛ በመሆኑ ሽያጩ እንዲቆምና የተሸጡትም ከገበያ እንዲሰበሰቡ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ወይም ዕቃው እንዲለወጥልኝ አይደለም። ሁለቱንም የደንበኞች አገልግሎታችሁ አቅርቦልኝ አልተቀበልሁም፤ የሚለወጥልኝ ያው ክዳን ያለው ያው ቴርሞሜትር ነውና። ድርጅታችሁ ፈገግ ያለ ሕፃን ፎቶግራፍ በካርቶኑ ላይ አትሞ የሚሸጠው የጆሮ ቴርሞሜትር፣ ሕፃን ሊገድል የሚችል፣ ሳንቲም የሚመስል ክብ ባትሪ ይዟል። ባትሪዋን ከሕፃኑ እጅ የሚለያት ደግሞ በአውራ ጣት ሲገፉት የሚንሸራተት ስስ የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው። ብሎን የለውም፤ መቆለፊያም የለውም። ቅሬታዬ ይህ ነው።

ልጄ ትኩሳት ይዞት ባደረበት ሌሊት ቴርሞሜትሩ ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከፍታው ከጉልበት አይበልጥም። ክዳኑ ተፈንጥሮ ወጣ፤ ባትሪዋም ከዓይናችን ተሰወረች። ልጄ በዳዴ የሚሄድ፣ እጁ የገባውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ነው፤ በዚያን ሰዓትም እዚያው ወለል ላይ ነበር። ምንጣፉን አነሣን፣ ልብሱን አራገፍን፣ አጣናት። ጥቂት ቆይቶ ልጁን አሳለው፤ ለሃጩም ይዝረበረብ ጀመር። ሳሉ የጉንፋኑ ይሁን የባትሪዋ፣ ለሃጩ ጥርስ ከማብቀል የመጣ ይሁን ከሌላ፣ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ሕፃኑን አቅፈን ወደ ሆስፒታል ሮጥን። የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎቹ ክብ ባትሪ መሆኗን እንደ ሰሙ ተራ አላስጠበቁንም። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ራጅ ተነሣ፤ ራጁም ምንም አላሳየም። ባትሪዋ በማግሥቱ ከቁም ሣጥን ሥር ተገኘች።

ይህን ሁሉ ለደንበኞች አገልግሎታችሁ ካስረዳሁ በኋላ የደረሰኝ የጽሑፍ መልስ ጉዳዩን «ጉዳት ያልደረሰበት አስተያየት» ብሎ መዝግቦታል። አልስማማም። የምርቱ ጉድለት የታየው ክዳኑ በተከፈተባት ቅጽበት ነው። ባትሪዋ ከዚያ በኋላ ወደ ቁም ሣጥኑ መንከባለሏ የእናንተ ምርት ያደረገልን ጥበቃ አይደለም። ወደ ልጁ ብትንከባለል ኖሮ ጉዳዩን በምን ስም ትመዘግቡት ነበር?

ሐኪሙ ያስረዳንንና ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን እዚህ የምጽፈው የክፍላችሁ ባለሙያዎች አያውቁትም ብዬ አይደለም። ያውቁታል ብዬ ስለማምን ነው ቅሬታዬ የሚብሰው። ቴርሞሜትሩ የሚሠራባት ባትሪ ሲአር2032 የሚባለው ዓይነት ናት፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሏ 3 ቮልት የሆነ የሊቲየም ባትሪ። ይህ ስፋት በሕፃን የምግብ ቧንቧ ውስጥ ተቀርቅሮ ለመቅረት የሚበቃ ነው። ከዚህች የሚያንሱት ባትሪዎች ብዙውን ጊዜ ወደ ጨጓራ ያልፋሉ፤ ይህች ግን መንገድ ላይ ልትቀር ትችላለች። እርጥቡ የቧንቧው ግድግዳ የባትሪዋን ሁለት ፊቶች ሲነካ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ በአሉታዊው ፊት በኩልም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ይህ የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ ለመክፈት የሚደፋውን ኬሚካል ያህል ሥጋን የሚበላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ባትሪ የሚጎዳው ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ሲፈስ ብቻ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ አዲስና ምንም ያልተነካች ባትሪ ታቃጥላለች። ለከባድ ቃጠሎ የ2 ሰዓት ጊዜ ይበቃታል። ቴርሞሜትሩን ማሠራት አቅቷት «አለቀች» ተብላ የወጣች ባትሪ እንኳ ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይቀራታል። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ብትገባም የምታደርሰው ጉዳት ከዚሁ የመጣ ነው።

ባትሪዋ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከወጣች በኋላም ነገሩ ላያበቃ ይችላል። የተቃጠለው ሥጋ እየሳሳ ሄዶ በምግብ ቧንቧውና በአየር ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ይከፈታል፤ ወይም ቃጠሎው ከልብ ወደሚወጣው ዋና የደም ሥር ይደርስና በደኅና ወጣ የተባለ ልጅ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ደም ፈስሶት ሊሞት ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ምልክቱ ነው። ሳል፣ ለሃጭ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ መነጫነጭ፣ ትኩሳት፤ ይህ ሁሉ በማንኛውም የታመመ ሕፃን ላይ የሚታይ ነው። ቴርሞሜትር ደግሞ ከመሳቢያ የሚወጣው ልጅ ሲታመም ነው። ልጁ ሲውጥ ያላየ ወላጅ ሳሉን ለጉንፋን ቆጥሮ ሽሮፕ እየሰጠ ሊያድር ይችላል። በራጅ ላይ እንኳ ሳንቲም ትመስላለች፤ ሐኪም የሚለያት በጠርዟ ዙሪያ የሚታየውን ድርብ ቀለበት በጥንቃቄ ፈልጎ ነው።

መልሳችሁ «ምርቱን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው» ይላል። ማጽጃ ኬሚካል ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እስማማለሁ። ቴርሞሜትር ግን ሥራው ያለው ከሕፃኑ ጆሮ ውስጥ ነው። ሕፃኑ ይይዘዋል፣ ይገፋዋል፣ ከእጃችን ይነጥቀዋል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ወላጅ በየጥቂት ሰዓቱ ያነሣዋል፤ ትራስ አጠገብ ያስቀምጠዋል። እናንተም ይህን ታውቃላችሁ፤ «ልጅዎ ተኝቶ ሳለ ሳይቀሰቅሱ ይለኩ» ብላችሁ ካርቶኑ ላይ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። አልጋ ላይ እንዲውል ታስቦ የተሠራ ዕቃ ከአልጋ ሲወድቅ እንዳይከፈት ማድረግ የአምራቹ ግዴታ ነው።

ከባድ ነገርም አልጠየቅሁም። የትንንሽ ልጆች አሻንጉሊት የባትሪ ክፍል ያለ ካቻቢቴ ወይም ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች በአንድ ጊዜ ካልተደረጉ በቀር እንዳይከፈት የአሻንጉሊት ደኅንነት ደረጃዎች ከቆዩ ዓመታት ጀምሮ ያስገድዳሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁን 2022 ጀምሮ ይህን ግዴታ ከአሻንጉሊት አልፋ ክብ ባትሪ ባላቸው የሸማች ዕቃዎች ላይ ጥላለች፤ ማሸጊያው ሕፃን የማይከፍተው እንዲሆንና ማስጠንቀቂያ እንዲኖረውም አዝዛለች። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አሜሪካ ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የአሜሪካው ሕግ የተሰየመው የሪሞት ባትሪ ውጣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በሞተች የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሕፃን ስም ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ፤ ድርጅታችሁም የተደገፈው በእርሱ ይመስለኛል። የአሜሪካው ሕግ «የሸማች ምርት» ከሚለው ትርጉም የሕክምና መሣሪያዎችን ያስወጣል፤ እነርሱን የሚቆጣጠረው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ነውና። ስለዚህ አንድ ሳሎን ውስጥ ያለ ሪሞት የግድ በብሎን የታሰረ ወይም ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን ሊኖረው ይገባል፤ ለሕፃን የተሠራው ቴርሞሜትር ግን በዚህ ሕግ አይገደድም። «ምርታችን የሚመለከቱትን ደረጃዎች ሁሉ ያሟላል» የሚለው ዓረፍተ ነገራችሁ እውነት ሊሆን ይችላል። የልጅን ጉሮሮ ግን አይጠብቅም። ሕግ ያላስገደደውን ብሎን በራሱ ፈቃድ የሚያስገባ አምራች የሚጎድልበት ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ወላጆች የጥንቱን የመስታወት ቴርሞሜትር የተውነው ሜርኩሪውን ፈርተን ነው። መፍራታችንም ትክክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት፣ ማለትም አገሮች የሜርኩሪን ጉዳት ለመከላከል የተስማሙበት ውል፣ የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮች ምርትና የአገር ለአገር ንግድ እስከ 2020 እንዲቆም ወስኗል። ወደ እናንተ ምርት የመጣነው «ደኅና ነው» ተብሎ ስለተነገረን ነው። ይህን እምነት ተቀብላችሁ ገበያ ሠርታችሁበታል።

የአጠቃቀም መመሪያውም ያው ነው። ስለ ባትሪዋ የሚናገረው ብቸኛ ዓረፍተ ነገር በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ከሚናገረው አንቀጽ ጋር ተቀላቅሎ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ባትሪው ከተዋጠ ሐኪም ያማክሩ።» ማማከር ማለት ቀጠሮ ይዞ መሄድ ማለት ሊሆን ይችላል። እዚያ መጻፍ የነበረበት፣ ልጁ ምንም ምልክት ባያሳይም ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፣ እንዲያስታውከው አይሞከር፣ ቀጥሎ ከምገልጸው ማር በቀር ምግብና መጠጥ አይሰጠው የሚል ነው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና ባትሪዋን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 10 ሚሊ ሊትር ማር መስጠት ቃጠሎውን እንደሚያዘገይ የመመረዝ ሕክምና ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ማሩን ፍለጋ ግን ጉዞው መዘግየት የለበትም፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃንም ማር አይሰጥም። ይህ ሁሉ በአራት መስመር ያልቃል።

ስለዚህ ድርጅታችሁ የዚህን ቴርሞሜትር ሽያጭ ወዲያውኑ እንዲያቆም፣ አከፋፋዮችና መድኃኒት ቤቶችም በእጃቸው ያለውን እንዲመልሱ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ለገዙት ሰዎች ማስታወቂያ ይውጣ፤ ማስታወቂያውም በድረ ገጻችሁ ጥግ የሚደበቅ ሳይሆን ገዢው ጋ የሚደርስ ይሁን፣ ክዳኑ እስኪለወጥም በቴርሞሜትሩ አትጠቀሙ ይበል። አዲሱ ክዳን በብሎን የሚታሰር፣ ብሎኑም ሲላላ ከክዳኑ ተነቅሎ የማይጠፋ ይሁን። ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ጥሎ መፈተን ያስፈልጋል፤ የፈተናውን ውጤትም እንድታሳዩኝ እፈልጋለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚረዳው የማስጠንቀቂያ ሥዕል በመሣሪያው አካል ላይ ይታተም። በተጨማሪም ከእኔ በፊት ስለዚህ ክዳን የደረሷችሁ ቅሬታዎች ስንት እንደሆኑና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለማሳወቃችሁን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፤ የእኔ ልጅ የመጀመሪያው ነው ብዬ ማመን አልቻልሁም።

ቴርሞሜትሩን፣ የተፈናጠረውን ክዳንና ባትሪዋን እንዳሉ አስቀምጫለሁ፤ ለምርመራ ከተፈለጉ ተቆጣጣሪው ባለበት አስረክባለሁ። መልሳችሁን ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። እስከዚያው የሚሸጠው እያንዳንዱ ቴርሞሜትር አደጋውን አውቃችሁ የሸጣችሁት ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
የምርታችሁ ገዢ የሆንሁ የአንድ ሕፃን እናት

ግልባጭ፦
የሕክምና መሣሪያዎችን ደኅንነት ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት
ለሸማቾች መብት ጥበቃ መሥሪያ ቤት
ቴርሞሜትሩን ለገዛሁበት መድኃኒት ቤት