ሳይበርር ለከረመ አውሮፕላን ስለምንጠይቀው የጥገና ሒሳብ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጎንደር፣ መስከረም

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

እንኳን ከክረምቱ ወደ በጋው በሰላም አሸጋገራችሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ላነሣችሁት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ጥያቄው «ከሰኔ ጀምሮ የቆመ፣ ዓመቱን ሙሉ 20 ሰዓት እንኳ ያልበረረ አውሮፕላን ለምን የቱቦና የፖምፓ መለወጫ ይጠየቅበታል?» የሚል ነው። አውሮፕላኑን በገዛ እጃችሁ ገጣጥማችሁ የሠራችሁት እናንተ በመሆናችሁ፣ እያንዳንዱ ወጪ ለምን እንደሚወጣ የማወቅ መብት አላችሁ።

አውሮፕላን የሚያረጀው በመብረር ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙበት የሮታክስ 912 ሞተር ሙሉ እድሳት የሚደረግለት 2,000 ሰዓት ሲሠራ ወይም 15 ዓመት ሲሞላው፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው። የነዳጅና የማቀዝቀዣ ላስቲክ ቱቦዎቹ፣ የካርቡሬተሮቹ (ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅሉት ክፍሎች) ላስቲኮችና የነዳጅ ፖምፓው ግን ሞተሩ ሠራም አልሠራም በየ5 ዓመቱ እንዲለወጡ አምራቹ ያዝዛል። ባለፈው ነሐሴ ከአንድ አውሮፕላን ላይ የፈታነው የነዳጅ ቱቦ ከውጭ ሲያዩት ጥቁር፣ ለስላሳና አንድም ስንጥቅ የሌለበት ነበር። በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀን ስንከፍተው ግን የውስጡ ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ አገኘነው፤ ከዚያው የተቀረፈ ጥቁር ፍርፋሪም በካርቡሬተሩ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ግርጌ ተኝቷል። በካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ ከሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አንዳንዶቹ ከመርፌ ቀዳዳ የማይሰፉ ስለሆኑ፣ ከዚያ ፍርፋሪ አንዱ ቢሰካባቸው ሞተሩ በሁለት ሲሊንደር በኩል ነዳጅ ሊያጣ ይችል ነበር። ያ አውሮፕላን በዓመት ውስጥ የበረረው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ቱቦው ግን 7 ዓመት ሞልቶታል።

ጉዳዩ እኛን ከቆላ አገር አብራሪዎች ይልቅ የሚያሳስበን በአካባቢያችን ከፍታ ምክንያት ነው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 80 ያህሉን ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ አየሩ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውን ያህል ይሳሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የደከመ ካንዴላ ወይም በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ፣ እዚህ ለመነሣት የሚያስፈልገውን የመንደርደሪያ ርቀት በግልጽ ያስረዝመዋል።

በቅንነት የሚደረግ ነገር ግን አጥብቀን የምንቃወመው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም «ሞተሩ እንዳይተኛ» በሚል በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ነው። ነዳጅ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራል፤ ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ይህ ውኃ ሳይተን ከዘይቱ ጋር ይቀርና ውስጡን ያዝገዋል። አምራቹ ሞተሩ በሠራበት ቀን ሁሉ የዘይቱ ሙቀት ቢያንስ አንድ ጊዜ 100 ዲግሪ እንዲደርስ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው፤ በክረምቱ ብርድ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ደግሞ ይህ ሙቀት በአምስት ደቂቃ አይገኝም። ስለዚህ ክረምቱን የማትበሩ ከሆነ ዘይቱን ለውጣችሁ፣ ታንኩን ሞልታችሁ፣ የአየር መግቢያውንና የጭስ ማውጫውን ደፍናችሁ ብትተውት ይሻላል። የከረመውን ቤንዚን በመስከረም ቀድታችሁ ለመኪና አውሉት። አዲሱን ከሞላችሁ በኋላም ከታንኩ ግርጌ በብርጭቆ ጥቂት ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሡትና ተመልከቱ፤ ውኃ ካለ ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይታያል። የክንፉን ውስጥም በባትሪ ማየት አይዘንጋ፤ አይጥ ክረምቱን እዚያ ማሳለፍ ትወዳለች።

ወጪውን ለመቀነስ ስትሉ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ቱቦ ገዝታችሁ የምታመጡልን አላችሁ። የተሠራበትን ዘመንም ሆነ የሚችለውን ሙቀት ስለማናውቅ ልንገጥመው አንችልም፤ ይህን ስንል ቅር እንዳትሰኙብን እንለምናለን።

በአሜሪካ አውሮፕላኑን በዋናነት የሠራው ሰው ተገቢውን የምስክር ወረቀት ካገኘ፣ በየ12 ወሩ የሚደረገውን ምርመራ በሠራው አውሮፕላን ላይ ራሱ ሊያካሂድ ይችላል። እኛም ሠሪው ከጥገናው መራቅ የለበትም ብለን እናምናለን። በመሆኑም ከዚህ ወር ጀምሮ በሰዓት የሚሰላውንና በዕድሜ የሚሰላውን ሥራ በደረሰኙ ላይ ለይተን እናሰፍራለን፤ የፈታነውን ዕቃ ሁሉ ቀኑን ጽፈንበት እንመልስላችኋለን፤ ቱቦዎቹ በሚፈቱበት ቀንም ተገኝታችሁ አብራችሁን እንድትሠሩ እንጋብዛለን።

ስትመጡ የጥገና መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑ። ቱቦው የተገጠመበት ቀን በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ፣ አውሮፕላኑ ተሠርቶ ካለቀበት ቀን ጀምረን እንቆጥራለን። መለዋወጫው ከውጭ አገር ስለሚመጣ፣ ለጥምቀት መብረር የምታስቡ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ እንድታስታውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍሉ