የታጠበው ቀሚስ፦ ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ፍትሕ ቢሮ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ «አራት ምስክር አምጪ» ስለሚባሉ ሙስሊም ተበዳዮች

ክቡር ሆይ፣

በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ 26 ዓመት ሆነኝ። የከተማዋን ስም አልጽፍም። ሙስሊሙ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ከተማዋን መጥራት ልጅቷን መጥራት ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በገበያ ማግስት፣ አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና እያወራች እጇን ከላዩ አላነሳችም። የ15 ዓመት ልጇን ጎረቤት ባለ ባጃጅ ደፍሯታል። ፖሊስ ዘንድ ስትሄድ ተረኛው አላመናጨቃትም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጥቷታል። ብቻ «እናንተ እኮ በዚህ ነገር ሕጋችሁ አራት ምስክር ይላል፤ የመስጂድ ሽማግሎቻችሁ ይዩትና እንቢ ካለ ተመለሺ» አላት። መስጂድ ሄደች። አንደኛው ሽማግሌ ያንኑ አራት ምስክር ደገመላት። ሌላው «ነውሩ ሳይሰማ ኒካህ ይታሰርና ይሸፈን» አለ። በዚህ መሐል ሦስት ሳምንት አለፈ።

ፌስታሉን ስትፈታው የሳሙና ሽታ ወጣ። ቀሚሱ ታጥቧል። ከአንገቱ እስከ ብብቱ የተቀደደውንም በነጭ ክር ጥሩ አድርጋ ሰፍታዋለች። ፊቴን አይታ «ነጃሳ ነዋ! እንዴት አድርጌ ቤት ላስቀምጠው?» አለችኝ። ነጃሳ ማለት ለሶላት የማይሆን ርኩስ ነገር ነው።

መዝገቡ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተከፈተ፤ ከዚያ በማስረጃ እጦት በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 42/1/ሀ ተዘጋ። ዐቃቤ ሕጉን አልወቅስም፤ በእጁ ምን ነበረው?

እኔን ያንገበገበኝ ያ «አራት ምስክር» የሚባለው ነገር ነው። ተረኛው ክርስቲያን ነው፤ ሰምቶ ያወራው ነው። ሽማግሌው ግን የኛ ሰው ነው፤ ማወቅ ነበረበት። አባቴ ኪታብ የሚያስቀሩ፣ ማለት የሃይማኖት መጽሐፍ የሚያስተምሩ ሸኽ ነበሩ፤ እኔ ደረሳነቱን አልጨረስኩም እንጂ ይህችን ነገር ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ልንገርዎ።

አራቱ ምስክሮች ያሉት በሱረቱ አን-ኑር፣ በምዕራፍ 24፣ አንቀጽ 4 ላይ ነው። ንጹሕ ሴትን በዝሙት ሰድቦ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ጅራፍ ይገረፋል፣ ምስክርነቱም ከዚያ በኋላ ተቀባይነት የለውም ይላል። ልብ ይበሉ፤ አራት ምስክር አምጣ የሚባለው በሰው ሚስት፣ በሰው ልጅ ላይ አፉን የሚከፍተው ነው። በዚያው ምዕራፍ ከአንቀጽ 11 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች የወረዱትም በነቢዩ ሙሐመድ ሚስት፣ በእናታችን ዓኢሻ ምክንያት ነው። ከዘመቻ ሲመለሱ የጠፋ የአንገት ሐብሏን ስትፈልግ ቅፍለቱ ጥሏት ሄደ፤ ከኋላ የቀረ አንድ ወጣት ሰሃባ (የነቢዩ ባልደረባ) አግኝቶ በግመሉ አመጣት። መዲና አንድ ወር ያህል አማቻት። አንቀጾቹ የወረዱት ያንን ሐሜተኛ አፍ ለመዝጋት ነው። ለሴት ጋሻ ሆኖ የተሠራው ሕግ ዛሬ በኛ ቀበሌ መዝጊያ ሆኖባታል።

አራቱ ምስክሮች ደግሞ እንዲሁ «አብረው ሲገቡ አይቻለሁ» የሚሉ አይደሉም። አባቴ ይህን ሲያስረዱ የእናቴን የኩል ብልቃጥ ያነሱ ነበር። መኳያው ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ እንደሚታየው አድርገው በዓይናቸው ያዩ መሆን አለባቸው። ማን እንዲህ ያያል? በኸሊፋ ዑመር ዘመን በባስራው አገረ ገዥ ላይ ሦስት ሰዎች መሰከሩ፤ አራተኛው ሲጠየቅ ያየው እስከዚያ የሚደርስ አልሆነም። ዑመር ሦስቱን መስካሪዎች ገረፏቸው። ሐድ የሚባለው የተወሰነ ቅጣት በጥርጣሬ ይቀራል የሚለው መርሕ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በፈቃድ ለተፈጸመ ዝሙት ሕጉ በሩን ያጠበበው አውቆ ነው፤ የሰው ገመና እንዳይጎለጎል።

የተደፈረች ሴት ግን ሌላ ናት። ያው ምዕራፍ 24 አንቀጽ 33 ላይ፣ የተገደዱትን አላህ ከመገደዳቸው በኋላ መሐሪ ነው ይላል። ተገዳ ለሆነው ነገር ሴቲቱ አትቀጣም፤ በዚህ የአራቱ መዝሀብ (የሱኒ ሕግ ትምህርት መንገድ) ሊቃውንት ይስማማሉ። ቲርሚዚና አቡ ዳውድ የመዘገቡት አንድ ሐዲስ፣ ማለት የነቢዩ ቃልና ተግባር ዘገባ አለ፤ ሽማግሎቻችን ለምን እንደማያወሩት አይገባኝም። በረሱል፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንዲት ሴት ለሶላት ወጥታ ስትሄድ አንድ ሰው ደፈራት። ጮኸች፤ ሰውዬው ሮጠ። ለሰዎች ነገረቻቸውና አንድ ሰው ይዘው አመጡ፤ እሷም «እሱ ነው» አለች። ሊፈረድበት ሲል እውነተኛው ጥፋተኛ ከመሐል ተነሥቶ «እኔ ነኝ» አለ። ረሱል ለሴቲቱ «ሂጂ፣ አላህ ምሮሻል» አሏት፤ በስሕተት የተያዘውንም መልካም ቃል ተናገሩት። አራት ምስክር አምጪ አላሏትም። በሐሰት ስም አጠፋሽ ብለው ጅራፍም አላነሱባትም።

ይህን ሐዲስ ሳስበው ሁልጊዜ የሚቆረቁረኝ ያ በስሕተት የተያዘው ሰው ነው። የጨለማ ነገር ነው፤ የደነገጠ ዓይን ይሳሳታል። የተበዳይ ቃል ብቻ ይበቃል እያልኩ አይደለም። ማስረጃ ይፈለግ ነው የምለው፤ ማስረጃ ደግሞ የወንድ ምስክር ብቻ አይደለም።

ይህንንም ከቁርኣን ላሳይዎ። ሱረቱ ዩሱፍ ላይ የሹሙ ሚስት ዩሱፍን ስትከስ ከቤተሰቧ አንዱ «ቀሚሱን እዩት» አለ። ከፊት ተቀዶ ከሆነ እሷ እውነተኛ ናት፤ ከኋላ ተቀዶ ከሆነ እሱ። ከኋላ ተቀዶ ተገኘ፤ ነገሩም በዚያ ታወቀ። በአንድ ቀዳዳ ጨርቅ! ከጎኔ የሚጽፈው ጓደኛዬ ድሮ ዲያቆን ነበር፤ ይህን ሳጫውተው «እኛ ዘንድ ልብሱ በእጇ ቀረ ነው የሚለው» ብሎ ተከራከረኝና ሶስናን ጨመረልኝ፦ ዳንኤል በሐሰት የከሰሷትን ሁለቱን ረበናት (ሽማግሎች) ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩዋት ሲጠይቃቸው የተለያየ ዛፍ ጠሩ። ጎጃም ላይ ይህን የማያውቅ ካህንም ሸኽም የለም። ታዲያ ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ማን አስረሳን?

ከሊቃውንቱም ኢብን አልቀይም «በይና» ማለት የሰው ምስክር ብቻ ሳይሆን ሐቅን ግልጽ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ነው ብለዋል። የሐድ ማስረጃ ባይሟላ ዳኛው በተዕዚር፣ ማለት በራሱ ሚዛን፣ ጥፋተኛውን ይቀጣል፤ ነጻ ሂድ ማለት አይደለም። ደፋሪውን ከወንበዴ ጋር የመደቡም አሉ፤ የአንዳሉሱ ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ኢብን አልዓረቢ አንዱ ናቸው። ኢማም ማሊክ ደግሞ ከቅጣቱ ሌላ ደፋሪው ለተበዳይዋ የአቻዋን መህር፣ ማለት ባል ለሚስት የሚሰጠውን ያህል ይክፈል ብለዋል፤ የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ቅጣቱንና መህሩን ባንድ ላይ አያዩትም። ይቺ የመህር ነገር ናት መሰለኝ ወደ «ኒካህ ይታሰር» የተጠመዘዘችው። መህሩ የበደል ካሣ ነው፤ ጋብቻ አይደለም። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም የምትባል ሴት አባቷ ያለ ፈቃዷ ቢድራት ረሱል ጋብቻዋን አፍርሰውላታል። የደፈራትን ሰው በምን ፈቃድ ታግባው?

የኛው ሰዎች አልተሳሳቱም አልልም። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣችው ሕግ ዝሙትንና አስገድዶ መድፈርን ባንድ ጥላ ሥር አደረገች፤ «ተደፈርኩ» ያለች ሴት ካላስረዳች በራሷ ቃል ዝሙተኛ የምትባልበት መንገድ ተከፈተ። አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ በማርገዟ ተፈርዶባት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ነጻ ያወጣት ያው የአገሪቱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አስገድዶ መድፈሩን ወደ መደበኛው የወንጀል ሕግ መለሱት። በማሊኪ መዝሀብ ያላገባች ሴት እርግዝና በራሱ እንደ ማስረጃ መቆጠሩን ሌሎቹ መዝሀቦች አልተቀበሉትም፤ እኔም በአባቴ ቦታ ብሆን አልቀበለውም።

ለማንኛውም እኛ ያለነው ኢትዮጵያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለሃይማኖት ሕግ የተወው የግልና የቤተሰብ ክርክርን ነው፤ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ። የፌዴራሉ አዋጅ 188/1992ም ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የሰጠው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ ነው። ወንጀል የለበትም። ቃዲው ራሱ ማየት የማይችለውን ነገር የመስጂድ ሽማግሌ በምን ሥልጣን ያየዋል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለችን ልጅ አስገድዶ ለደፈረ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያዛል። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነገርም ተሽሯል፤ በአንቀጽ 587 ጋብቻው ክሱን አያስቀርም። ኒካህ ብለን በጓሮ በር ልናስገባው አይገባም።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ለየወረዳው ዐቃቤ ሕግ የሚወርድ፣ ፖሊስም የሚያነበው አንድ ገጽ ሰርኩላር ይጻፍልን፤ የመድፈር አቤቱታ የባለጉዳዩ ሃይማኖት ምንም ይሁን ምን ወደ መስጂድም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም፣ ወደ ሽምግልናም አይመራም የሚል። ተረኛው መጀመሪያ የሚናገረው ነገርም እዚያው ይጻፍ፦ ልጅቷ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው ከዚያ ወዲያ አይሠራምና፤ ልብሱ አይታጠብ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ያሻግተዋል። ለሙስሊም እናቶች ደግሞ ነጃሳ ያለበትን ልብስ ማስቀመጥ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ለሶላት ሌላ ንጹሕ ልብስ መልበስ እንደሚበቃ ኢማሞቹ በጁምዓ ኹጥባ (ስብከት) ይንገሩ። ይህን በኛ በኩል እኔ እጀምራለሁ። ሁለት ኡስታዞች እሺ ብለውኛል፤ ሦስተኛው «እስቲ ኪታብ ልይ» ብሏል፤ ይይ።

የተዘጋውን መዝገብ በተመለከተ ቁጥሩን በተለየ ደብዳቤ ለቢሮዎ ልኬአለሁ። የሕክምና ወረቀት አለ፤ ዘግይቶ የተሰጠ ቢሆንም አለ። ባጃጁ የቆመበትን ያየች ጠላ ጠማቂ አለች፤ ማንም አልጠየቃትም።

እናትየው ያን ቀን ስትነሣ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። ስጠራት «እቤት ሳየው አልችልም፣ አንተ ዘንድ ይሁን» አለችኝ። እስካሁን ከወረቀቶቼ ጋር ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ክሩን አልነካሁትም። የሚረከበኝ መርማሪ ካለ ስሙንና ቀኑን ያሳውቁኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጃንጥላዬ ሥር ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ምሥራቅ ጎጃም