ጊዜያችንን የሚበላው ሰልፉ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ትራንስፖርት ላይ የሚያልቀውን ጊዜ በንባብ እንድንጠቀምበት የሚመክር ጽሑፍ ሰሞኑን ገጻችሁ ላይ አንብቤያለሁ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ጸሐፊው ግን እንደ እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚኖሩ አልመሰለኝም።

እኛ ጋ ብዙው ሰዓት የሚያልቀው መኪና ውስጥ ሳይሆን መኪና ጥበቃ ላይ ነው። ጠዋት ሳይነጋ ሰልፍ ይያዛል። ማታ መገናኛ ላይ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ እኛ ዘንድ አይደርስም። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ግን የሚጀምረው ከደጃችን ነው። አንዳንድ ጠዋት መኪና ያለው ጎረቤቴ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ አዳማ ቡና ሲያዝ፣ እኔ ገና መገናኛ አልደረስኩም። ለማሳቅ ብዬ አይደለም።

እሺ፣ መቀመጫ ተገኘ እንበል። የሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ ለተቀመጠ ሰው መጽሐፍ መግለጫ ቦታ የለውም። ቦታ ቢገኝም ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል። ዓይን ገጹ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ሲል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየሄድን ነው» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን የሚያዋጣው መጽሐፉን አጥፎ በመስኮት አርቆ ማየት ነው። ጋቢና ከተገኘማ እሰየው። ስለዚህ መንገድ ላይ የማያነበውን ሰው ሁሉ ሰነፍ አንበለው።

የሰፈራችን ሰው በራሱ ዘዴ ጊዜውን ይጠቀምበታል። የማታ ተማሪ የሆነች ጎረቤቴ ማስታወሻዋን በራሷ ድምፅ ስልኳ ላይ ትቀዳና ሰልፍ ላይ ቆማ ታዳምጠዋለች። «ድምፄ ያስጠላኛል» ትላለች፤ ፈተናውን ግን እያለፈች ነው። ቴሌግራም ላይ በድምፅ የተነበቡ መጻሕፍት ሞልተዋል። በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማደር ነው፤ ጠዋት ዳታ መጨረስ አያስፈልግም። ማዳመጫው ግን አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ይሁን፤ ተራ አስከባሪው ሲጣራም ሰው ከኋላ ሲጠጋም መስማት ያስፈልጋል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ደግሞ ስልኩን ኪሱ ይክተት። መኪናው ቆም ሲል በመስኮት እጅ ሰዶ መንጠቅ ለለመደበት የሰከንድ ሥራ ነው።

ኪሮሽ ይዘው የሚመጡ እናትም አሉን። ለልጃቸው ሰርግ የሚሆን የትራስ ልብስ እዚያው ሰልፍ ላይ ጨርሰዋል። ስለ ጊዜ አጠቃቀም ምክር የሰጣቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንቅልፍስ? እኔ ለእንቅልፍ እከራከራለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ፣ ምሳ ቋጥራ፣ ልጅ አልብሳ የወጣች ሴት ሃይገር ውስጥ ብታንቀላፋ ጊዜ አባከነች አልልም። ለዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅለትም። ረዳቱን «ስንደርስ ቀስቅሰኝ» ማለት ነው፤ አብዛኞቹ አይረሱም።

የሚያስቸግረን ጩኸት ነው። ጠዋት ሸገር 102.1 ወይም ፋና 98.1 ላይ ወሬ ሲጀመር መኪናው በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ጥሩ ነው፤ ለከተማው ሰው ትልቁ የጋራ ትምህርት ቤት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዘፈኑ እስከ ጣሪያ ሲከፈት ግን ማዳመጥም መተኛትም የለም። ሁሉም ያዝናል፣ ማንም አይናገርም። አንድ ሰው ደፍሮ «ሹፌር፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» ሲል ግን ከየወንበሩ «አዎ፣ ቀንስ» ይከተላል። እኔ ያየኋቸው ሾፌሮች አብዛኞቹ ያለ ንትርክ ቀንሰዋል።

ሰልፉ ራሱ ግን ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ ጥያቄ ነው። መጠለያና መብራት ይሠራልን። አውቶቡስ እስኪጨመር ቢያንስ በክረምት ዝናብ ሳይመታን፣ በጨለማም ቦርሳችንን ሳንጠብቅ እንቁም። ያኔ መጽሐፍ ይዞ የሚሰለፍ አይጠፋም።

ጋዜጣችሁ አንድ ቀን ሪፖርተር ቢልክልን ደስ ይለናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ከዚያ ከዘገየ የሰልፉን ጫፍ አያገኘውም። ጃኬትም ይያዝ፣ ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ይበርዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ