ብሩኬ፣ ስለ እማዬ ነው

ብሩኬ የኔ ወንድም፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ጠፋሁብህ አይደል፣ በቃ ይቅር በለኝ፣ ምክንያት አልደረድርም። የምጽፍልህ ስለቸገረኝ ነው።

እማዬ ታማለች። አንጀቷ ላይ እጢ ተገኘና ሐኪሞቹ ገና አልተሰራጨም፣ ቶሎ ይውጣ አሏት፣ እሷ ግን ቢላ አይነካኝም፣ ጸበሌ ይበቃኛል ብላ ድርቅ አለች። ሌሊት ተነስታ እንጦጦ ማርያም ትወጣለች፣ ስደውል "ዛሬ ቀሎኛል ልጄ" ትለኛለች፣ ድምጿ ግን… የሷን ድምፅ መቼም ላንተ አልነግርህም።

እና ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ምን እንደምሰማ ታውቃለህ? "ማማ ሴድ"። አዎ ራሱ፣ በፈረንጆቹ 1996 የሄቪ ሜታሎቹ የሜታሊካ "ሎድ" አልበም ሲወጣ "ፀጉራቸውን መቆረጣቸው ሳያንስ ጭራሽ ካንትሪ!" ብለህ ያበድክበት፣ እሱ ጋ ሲደርስ ካሴቱን አውጥተህ በእስክሪብቶ የምታጠነጥነው፣ ክሊፑ ላይ ደሞ ዘፋኙ ሄትፊልድ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አኩስቲክ ጊታር ሲመታ ሌሎቹ በመስኮት ብቅ ሲሉ አይተህ ለሳምንት ያኮረፍክበት ዘፈን። አንተ ግን እኮ ያኔም ግትር ነበርክ!

እስቲ አሁን ቁጭ ብለህ ስማው። አኩስቲኩ ብቻውን ይገባል፣ ሰውዬው አይጮህም፣ ዝቅ አድርጎ ነው ለእናቱ የሚነግራት፣ ሌላው ጊታር ከኋላ ይለቃቀሳል፣ ከዛ አዝማቹ ላይ ዲስቶርሽኑ፣ ያ የኤሌክትሪክ ጊታር ሻካራ ድምፅ፣ ሲመጣ ደረትህን ይመታሃል። ሜታሉ የት ሄደ? እዛው ነው። እናትን እንደዛ ለማናገር ግን በድሮው ፍጥነትና ጩኸት አይሆንም ነበር፣ ካንትሪ ደሞ ትልቅ ሰው ሳያፍር ስለ እናቱ የሚያለቅስበት ሙዚቃ ነው፣ ለዛ እኮ ነው እማዬ ጂም ሪቭስን እንደዛ የምትወደው። ትዝ ይልሃል፣ ሌላውን ሁሉ "ዝጉልኝ ይሄን ጩኸት" እያለች እሱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ "ይኼኛውስ የሰው ድምፅ አለው" ያለችው?

ብሩኬ፣ የሄትፊልድ እናት እንዴት እንደሞተች ግን አውርተን እናውቃለን? ኦፔራ ትዘፍን የነበረች ሴት ናት። ክርስቲያን ሳይንስ የሚባለውን እምነት ትከተል ስለነበር ካንሰር ሲይዛት ህክምና አልፈለገችም፣ አባትየው ቀድሞ ጥሏቸው ሄዷል፣ እሷ ስትሞት ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። ይሄን ዘፈን ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ሳውሳሊቶ ስቱዲዮ ገብተው ሲቀርፁት 30 አልፎታል፣ ያን ሁሉ ዓመት ውስጡ ይዞት ነው ማለት ነው። መጨረሻው ላይ እቀፊኝ ይላታል፣ የሚያገኘው ግን ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። እኔ እዛ ጋ ስደርስ መንዳት ያቅተኛል፣ ጥግ ይዤ እቆማለሁ።

ፈርቻለሁ ወንድሜ። እንዴት እንደምልህ አላውቅም… ጸበሉን ተዪ አላልኳትም፣ አልልም፣ እኔም አምናለሁ። ግን ሁለቱም አይሆንም ወይ? በስልክ ስለምናት "አንተ እዛ ሆነህ ምን ታውቃለህ" ትለኛለች፣ ወረቀቴ ስላላለቀ ደሞ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አልችልም። አንተን ግን ትሰማሃለች፣ ከኔ እኩል ነው ያጎረሰችህ።

እባክህ የንስሐ አባቷን ቀድመህ አናግራቸው፣ ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው ብለው እሳቸው ከነገሯት ግማሹ ሥራ አለቀ። ከዛ ቅዳሜ ከሰዓት ሂድላት፣ ቤት ናት። ገና እንደገባህ እንዳትጀምራት፣ ቡናው ይፈላ፣ ቶናው ላይ አንሳላት። የምርመራ ወረቀቱ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ብር ካስፈለገ ዛሬውኑ እልካለሁ። እሺ ካለች ሌሊትም ቢሆን ደውል፣ እንቢ ካለችም ደውል። ስለ ዘፈኑ ሌላ ጊዜ ትሰድበኛለህ።