ከቅዳሜው ፊልም በኋላ

ውድ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቅዳሜ ያየነው የማንዴላ ፊልም፣ «ኢንቪክተስ»፣ ብዙ አነጋግሮናል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የራግቢ ዋንጫውን ማንሳቷ ደስ ይላል፤ እኔን የያዘኝ ግን የስብሰባው ትዕይንት ነው። የስፖርት ምክር ቤቱ ነጮች የሚወዱትን የራግቢ ብሔራዊ ቡድን፣ የስፕሪንግቦክን፣ ስምና ማልያ ለመሰረዝ ድምፅ ሰጥቶ ጨርሷል። ማንዴላ ደብዳቤ አልላኩም፤ ራሳቸው ሄዱ። የገዛ ደጋፊዎቻቸውን ፊት ለፊት ተቃወሙ፤ ያውም ለትናንት ባላንጣ ብለው! (እኛ የመዋጮን ነገር እንኳ በቴሌግራም ነው የምንጨቃጨቀው።) ነጭና ጥቁር ጠባቂዎችን አንድ ቢሮ ማስገባታቸውም ቀላል አይደለም። በነገራችን ላይ፣ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል።

ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ አስተባባሪዎችን ልንመርጥ ነው። ዓምና አኩርፈው የቀሩትን ልጆችም እንጥራ ባይ ነኝ፤ ስልክ ሳይሆን ቤታቸው ሄደን። እሁድ 9 ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ። በሐሳቤ የማትስማሙም ኑ።