መሃሉንም ጻፉልን

ውድ አዘጋጅ፣

ከስትሮክ (አንጎልን ከሚጎዳ የደም ዝውውር ችግር) ያገገሙ ሰዎችን ታሪክ ማውጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ግን ታሪኮቹ ከአልጋ ወደ መራመድ በአንድ አንቀጽ ይዘላሉ። ከባዱ ነገር ያለው መሃል ላይ ነው።

እኔም ከስትሮክ በኋላ ግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) ኩባያ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ደግመህ አንሳ ትለኛለች። በጣም ያሰለቻል። ግን ምክንያት አለው፤ ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ የሚማረው በድግግሞሽ ነው። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፈጠን ይላል። ከዚያ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ቤተሰብም “ሰነፈ” ይላል። ስንፍና አይደለም! ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ድብርት ይይዘዋል፤ እሱም ይታከማል። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ለቅሶ በቀረልኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው የተሃድሶ ሕክምና (የተዳከመ አቅምን ለመመለስ የሚረዳ ሕክምና) ቢያገኝ የሚጠቅመው የጤና ችግር አለበት። እባካችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ፊዚዮቴራፒስቶችን፣ ቤት ውስጥ የሚያስታምሙትን፣ ገና እየታገሉ ያሉትንም አነጋግሩ።

አክባሪ አንባቢያችሁ